ሦስት ፍሬ በአንድ ጽዋ

የእንግሊዝ አገር ምዕራባዊ ክፍል፣ ከሄርፎርድሺር ኮረብታዎች ተነሥቶ የሴቨርንን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሶመርሴትና ወደ ዴቨን የሚዘልቀው ምድር፣ ዝናሙ የማይነጥፍ፣ ሣሩ በክረምትም የማይጠወልግ፣ በጉና ላሙ ከፖም ዛፍ ጥላ ሥር የሚሰማራበት ለም አገር ነው፤ ነገር ግን ፀሐዩ ለወይን ተክል እንደ ልብ የማይበቃ በመሆኑ፣ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ የደስታውንም የኀዘኑንም ጽዋ ሲሞላ የኖረው ከገብስ ብቅል በሚጠመቀው ቢራና ከፖም ጭማቂ ፈልቶ በሚወጣው ሳይደር ነው። እነዚህ ሁለት መጠጦች ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ መንደር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ጓዳ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ፣ እያንዳንዱ የራሱ ባለሙያ፣ የራሱ ወግና የራሱ ወዳጅ ነበረው። ዛሬ ግን በብዙ የእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ግማሽ ሳይደርና ግማሽ ላገር ቢራ ቀላቅሎ፣ ብላክከረንት ከሚባለው ጥቁር ፍሬ የተሠራ ሽሮፕ ጨምሮ ማቅረብ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ ስሙም «ስኔክባይት ኤንድ ብላክ»፣ ጥቁር የተጨመረበት የእባብ ንድፊያ እንደ ማለት ነው።

ስሙ ራሱ እንደሚያስፈራራ፣ ዝናውም መልካም አይደለም። የቢራ ዐዋቂዎች ንጹሑን ቢራ ያረክሳል ይሉታል፤ ሳይደር ሠሪዎች የፖሙን ጣዕም ይቀብራል ይሉታል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቻ፣ ርካሽና ጣፋጭ መሆኑን አይተው፣ ያለ ክርክር ይጠጡታል። የተናቀ ነገር ሁሉ ንቀቱ የሚገባው መሆኑን ሳይመረምሩ ማለፍ ለጸሐፊ የተገባ ስላልሆነ፣ ይህን መጠጥ ቀምሼ፣ የሦስቱንም ፍሬዎች የትውልድ ሐረግ ተከታትዬ የደረስሁበትን ለአንባብያን ማቅረብ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጠጥ ቤቱ

ብሪስቶል፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት ከተቀመጡባት ከባዝ ከተማ እምብዛም የማትርቅ የወደብ ከተማ ናት። ወደ መጠጥ ቤቱ የመራኝ በዚያው ከተማ ኬሚስትሪ የሚያስተምር የአገሬ ልጅ ነው፤ እናቱ ጠላ ስትጠምቅ ጥንስሱን እያሸተተ ያደገ፣ ዛሬም ከማስተማሩ በተረፈው ጊዜ በጓዳው ቢራና ሳይደር የሚጠምቅ ሰው በመሆኑ፣ ከእርሱ የተሻለ መሪ አላገኝም ነበር።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን ሲያዝዝ አሳላፊዋ መሳቋ አይቀርም፤ እንዳይከፋዎ» አለኝ በሩን ሳንገፋ።

«ትሳቅ እንጂ! የመጣሁት ልቀምስ ነው፤ ልከበር ብዬ ቢሆን ከቤቴ በዋልሁ ነበር» አልሁት።

አሳላፊዋ እንደ ተባለው ፈገግ አለች፤ እጅዋ ግን ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነበር። አንድ ፓይንት፣ ማለት 568 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ብርጭቆ አንሥታ በመጀመሪያ ከሥሩ የጣት ውፍረት ያህል ሽሮፕ አፈሰሰች፤ ቀጥላ ብርጭቆውን አዘንብላ ሳይደሩን በጎኑ በኩል በቀስታ ስትለቀው፣ ከታች ተኝቶ የነበረው ጥቁር ሽሮፕ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ወጣና መጠጡን ሁሉ ደማቅ ቀይ አደረገው፤ በመጨረሻም ላገሩን ከላይ ስትጨምር አረፋው ነጭነቱን ትቶ ሐምራዊ ሆኖ ተነሣ። እኔ በቀለሙ ስደነቅ ወዳጄ «አይቸኩሉ፣ አሁን ይወርዳል» አለኝ፤ እውነትም ብርጭቆው ከጠረጴዛችን ሳይደርስ አረፋው ተንኖ በጠርዙ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት ብቻ ቀረ።

ምክንያቱን እንዳስረዳኝ፣ የቢራ አረፋ ዕድሜው የሚረዝመው ከገብሱ የሚገኙት ፕሮቲኖች ሆፕስ ከሚባለው የፈረንጅ ጌሾ ከሚወጣው መራራ ንጥረ ነገር ጋር ተያይዘው የእያንዳንዱን አረፋ ሽፋን ስለሚያጠነክሩት ነው፤ ሳይደር ግን ገብስም ሆፕስም የሌለበት መጠጥ በመሆኑ፣ አረፋው እንደ ተነሣ ይከስማል፤ ሁለቱ እኩል ሲገናኙም የአረፋው ምሰሶ በግማሽ ይጎድላል።

ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሳቀርበው ቀድሞ የተቀበለኝ የብላክከረንቱ መዓዛ ነው፤ ይኸውም የበሰለ ፍሬ ጣፋጭነት፣ በጣት የታሸ ቅጠል አረንጓዴ ሽታ፣ ከበስተኋላውም ጥቂት የድመት ጠረን ያለበት፣ ከሌላ ፍሬ ጋር የማይምታታ መዓዛ ነው። የሥነ ቅመማ ሊቃውንት ይህ ጠረን የሚመጣው ድኝ ካለባቸው፣ በጣም በጥቂቱ ከሚገኙ ውሁዶች መሆኑን ሲገልጹ፣ የዚያ ወገን የሆኑ ውሁዶች በአንዳንድ የሆፕስ ዓይነቶችም ውስጥ ስላሉ፣ ዛሬ ጠማቂዎች የአንዱን ሆፕስ መዓዛ ሲያወድሱ «ብላክከረንት፣ ብላክከረንት ይላል» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሬውና ሆፕሱ በአንድ ብርጭቆ ከመገናኘታቸው በፊትም በመዓዛቸው ዘመዳሞች ነበሩ።

ስጎነጨው ግን ያገኘሁት መጀመሪያ ስኳር፣ ቀጥሎ ስኳር፣ በመጨረሻም ቀዝቃዛ ስኳር ነበር። ላገሩን በምላሴ ፈለግሁት፤ ከመብላላቱ ንዝረት በቀር አጣሁት። ሳይደሩንም ፈለግሁት፤ ትንሽ ኮምጣጣነት ብቻ ትቶ ሄዷል። ወዳጄ ፊቴን አይቶ ሳቀና፣ «ሽሮፑ እዚህ ላይ መጋረጃ ነው፤ እንዲህ ያለ ሳይደርና እንዲህ ያለ ላገር ያለ መጋረጃ አይወጡም። አሁን መጋረጃውን እናንሣው» ብሎ ሌላ አዘዘ። በዚህኛው ብርጭቆ የገባው በሶመርሴት ከመራራ ፖሞች የተሠራ፣ ስኳሩ ፈልቶ ያለቀለት ደረቅ ሳይደር፣ በወጉ የተጠመቀ ላገር፣ ከሽሮፑም አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነበር። ጣዕሙ ከፊተኛው ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ መጀመሪያ የብቅሉ የዳቦ ለዛ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የፍሬው ኮምጣጣነት፣ ቀጥሎም ድድን የሚይዘው የፖሙ ልጣጭ ኃይል፣ ወደ ጉሮሮ ሲወርድም የሆፕሱ ምሬት እየተከታተለ መጣ። ያው ስም፣ ያው ቀለም ሆኖ ሳለ አንዱ ከረሜላ፣ ሌላው መጠጥ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የሦስቱን የየራሳቸውን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ፖሙ

ለሳይደር የሚሆነው ፖም በገበታ የሚቀርበው ፖም አይደለም። ኪንግስተን ብላክ፣ ዳቢኔት፣ ያርሊንግተን ሚል፣ ፎክስዌልፕ የሚባሉትን ዓይነቶች ከዛፋቸው ቀጥፎ የሚነክስ ሰው፣ አፉ ተጨማድዶ ወዲያው ይተፋቸዋል፤ ምክንያቱም ታኒን የሚባለው፣ በሻይ ቅጠልና በወይን ልጣጭ የሚገኘው አፍ የሚይዝ ነገር ሞልቶባቸዋል። ከብሪስቶል አጠገብ በሎንግ አሽተን በ1903 የተቋቋመው ብሔራዊ የፍራፍሬና የሳይደር ተቋም፣ በሊቁ ባርከር አማካይነት እነዚህን ፖሞች ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ መራራ ጣፋጭና መራራ ኮምጣጣ ብሎ በአራት ወገን ሲከፍላቸው፣ ታኒኑ ከመቶ 0.2 በላይ፣ አሲዱ ከመቶ 0.45 በታች የሆነው መራራ ጣፋጭ እንዲባል ወሰነ፤ ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከአራቱ ወገን አንዱ ብቻውን የተሟላ ሳይደር የሚሰጠው ከስንት አንዴ ስለ ሆነ፣ ሠሪው የአንዱን ጉድለት በሌላው እየሞላ ብዙውን ጊዜ ከብዙ በርሜል ቀላቅሎ ነው የሚያወጣው።

ፖሙ በመከር ተሰብስቦ ይፈጭና፣ ፍጩ በጭድ ወይም በጨርቅ እየተጠቀለለ ተራ በተራ ይደረደራል፤ ክምሩ በመጭመቂያው ሥር ሲገባ የወጣው ቡናማ ጭማቂ በእንጨት በርሜል ይገባል፤ እርሾ ሳይጨመርበት፣ ከልጣጩና ከመጭመቂያው እንጨት በተገኘ እርሾ ብቻ ክረምቱን በቀስታ ሲፈላ ከርሞ በጸደይ ይጠጣል። የቀድሞው ባላገር እንዲህ ያደርግ ነበር፤ ዛሬም ጥቂቶች ያደርጉታል። የእርሻ ሠራተኛው ከደመወዙ ከፊሉን በገንዘብ ፈንታ በሳይደር መቀበሉ ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ነበር፤ ይህን ያስቀረው በ1887 የወጣው የሠራተኛ ደመወዝ ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ፐርሲ ቡልመር የሚባል የቄስ ልጅ፣ ከአባቱ የአትክልት ቦታ በለቀመው ፖም በሄርፎርድ ከተማ ሳይደር መሥራት ጀመረ፤ እናቱም የሚበላና የሚጠጣ ነገር መቼም ገበያ አያጣም ብለው መከሩት ይባላል። ከዚያ ጅምር የተነሣው ድርጅት ከጊዜ በኋላ ከዓለም ታላላቅ ሳይደር ፋብሪካዎች አንዱ ሆነ።

ሳይደር መንግሥትንም የተገዳደረበት ጊዜ አለ። የሰባት ዓመቱ ጦርነት ያስከተለውን ዕዳ ለመክፈል የሎርድ ቢዩት መንግሥት በ1763 በየበርሜሉ አራት ሺልንግ ግብር ሲጥልና ቀራጮችን በባላገሩ ጓዳ ገብተው እንዲፈትሹ ሲያሠለጥን፣ የምዕራቡ ሕዝብ ተነሣሣ፤ ዊልያም ፒትም በፓርላማ ቆሞ የሰው ቤት አይደፈርም ብሎ ተከራከረ፤ ግብሩም በ1766 ተሻረ። በ1767 ደግሞ የዴቨን ተወላጅ የሆነው ሐኪም ጆርጅ ቤከር፣ በአገሩ ሳይደር ጠጪዎች ላይ ይደርስ የነበረው ብርቱ የሆድ ቁርጠትና ሽባነት መንሥኤው በመጭመቂያዎቹና በማጠራቀሚያዎቹ ውስጥ የነበረው የእርሳስ ማዕድን መሆኑን አስረዳ፤ የፖሙ አሲድ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ጽዋው ያወርደው ነበርና።

ከወጎቹም መካከል የኢትዮጵያ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ አለ። በሶመርሴት ካርሃምፕተን በምትባል መንደር ሰዎች በየዓመቱ ጃንዩወሪ 17 ማታ ከትልቁ የፖም ዛፍ ሥር ተሰብስበው ሳይደር በሥሩ ያፈስሳሉ፣ በሳይደር የተነከረ ዳቦ በቅርንጫፉ ላይ ያኖራሉ፣ ጠመንጃ ይተኩሳሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ዛፉ በመጪው ዓመት እንዲያፈራ መመረቃቸው ነው። ዕለቱ የኤጲፋንያ የቀድሞ ቀን ነው። እንግሊዞች በ1752 ከዩልዮስ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሻገሩ ዐሥራ አንድ ቀን ቢዘለልም፣ የፖም አገር ሰው ዛፉ የመንግሥትን ዐዋጅ አያውቅም ያለ ይመስል በቀድሞው ቀን ጸና። ስለዚህ እኛ ጥር 10 ቀን ታቦታቱን ወደ ጥምቀተ ባሕር ለመሸኘት ስንነሣ፣ የሶመርሴት ባላገር በዋዜማው ለፖሙ ሲዘምር አምሽቷል።

ፖሙም ራሱ የአንድ ወገን ልጅ አይደለም። የመጀመሪያ እናቱ በካዛክስታን በቲያንሻን ተራሮች የሚበቅለው የዱር ፖም ስትሆን፣ በነጋዴዎች መንገድ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከኤውሮፓ የዱር ፖም ጋር ተዳቅሏል። ከዘሩ የበቀለ ፖም እናቱን ስለማይመስልም፣ የተወደደውን ዓይነት ለማቆየት ቅርንጫፉን በሌላ ግንድ ላይ መለጠፍ ግድ ነው።

ስለ ላገሩ

ላገር በብሪታንያ እንግዳ ነው። የቦሄምያ ከተማ የፒልሰን ሰዎች በ1838 የተበላሸ ቢራቸውን ሠላሳ ስድስት በርሜል በማዘጋጃ ቤቱ ፊት አፍስሰው አዲስ መጥመቂያ ቤት ለማቋቋም ሲወስኑ፣ ከባቫርያ ያስመጡት ጠማቂ ዮሴፍ ግሮል በ1842 ኦክቶበር 5 ቀን የጠመቀው ወርቃማና ጥሩ ቢራ የዛሬው ወርቃማ ላገር ሁሉ አባት ሆነ። በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ አንዲቱን የእርሾ ሕዋስ ለይቶ በማራባት ንጹሕ እርሾ አገኘ፤ የመጥመቂያ ቤቱ ባለቤት ያኮብሰንም ግኝቱን ደብቆ በመያዝ ፈንታ ለሌሎች ጠማቂዎች እንዲሰጥ አደረገ። እንግሊዞች ግን ለዘብ ባለ ሙቀት የሚጠጣውን ጥቁር ቡናማ ቢራቸውን ስለሚወዱ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላገር ከሚጠጣው ቢራ እጅግ ጥቂቱ ነበር፤ ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ግን ከግማሽ በላይ ሆነ። ወጣቱ ቀዝቃዛውን ላገር ከሊም ወይም ከብላክከረንት ሽሮፕ ጋር መጠጣት የለመደው በዚያ ዘመን ሲሆን፣ ስኔክባይትም የተስፋፋው በዚያው ማዕበል ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የቢራ ዐዋቂዎች «ንጹሕ» የሚሉት ላገር የሚፈላበት እርሾ ድቅል ነው፤ አንዱ ወላጁ ተራው የዳቦና የቢራ እርሾ ሲሆን፣ ብርድ የሚችለው ሌላው ወላጁ ማን እንደ ሆነ ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ኖሮ፣ በ2011 በአርጀንቲና በፓታጎኒያ ደኖች በሚበቅል ዛፍ ላይ መገኘቱ ተገለጠ። እንግዲህ የቢራው እርሾ ድቅል፣ የሳይደሩ ፖም ድቅል፣ ሳይደሩም የብዙ በርሜል ቅልቅል ከሆነ፣ ሁለቱን በብርጭቆ ማገናኘት ንጽሕናን ማርከስ ነው የሚለው ክስ መሠረት ያጣል። የሚመረመረው ነገር መቀላቀሉ የተፈጸመበት ጥበብ ነው።

ስለ ጥቁሩ ፍሬ

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ታናሹ እንግዳ፣ ከዚያው ከብሪስቶል ነው የተነሣው። ፖሙን በአራት ወገን የከፈለው የሎንግ አሽተን ተቋም በ1930ዎቹ የፍራፍሬ ሽሮፕ አሠራርን ሲመረምር፣ ቨርነን ቻርሊ የተባለው የተቋሙ ሊቅ የፍሬውን ፔክቲን በኤንዛይም በማፍረስ ጥሩ ጭማቂ የሚወጣበትን መንገድ አበጀ፤ ብላክከረንትም በቫይታሚን ሲ ብዛት ከብርቱካን ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ታወቀ። በ1938 አንድ የብሪስቶል ኩባንያ ይህን ሽሮፕ ሪቢና ብሎ ለገበያ አወጣው። የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ተነሥቶ ብርቱካን የሚጭኑ መርከቦች በባሕር ሲሰጥሙ፣ መንግሥት ሕፃናት በጉድለት በሽታ እንዳይያዙ ከ1942 ጀምሮ የብላክከረንት ሽሮፕ በነፃ አደለ። ስለዚህ ያ ቀለም ለእንግሊዝ ትውልድ ሁሉ የልጅነት ቀለም ሆነ፤ ተማሪው በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከላገርና ከሳይደር ጋር ሲቀላቅለው እናቱ በማንኪያ ታጠጣው የነበረውን ነው ወደ ጎልማሶች ጽዋ የሚያሻግረው።

በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጣዕም ባያውቁት አይፈረድባቸውም። በአሜሪካ የብላክከረንት ተክል የጥድ ደንን የሚያጠፋ የዝገት በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ በ1911 እርሻው ታግዶ ነበር፤ የፌዴራሉ እገዳ በ1966 ቢነሣም የኒው ዮርክ ግዛት የፈቀደው በ2003 ነው። በዚህም ምክንያት ሐምራዊ ከረሜላ በእንግሊዝ ብላክከረንት ብላክከረንት ሲል፣ በአሜሪካ ወይን ወይን ይላል።

ቅልቅልና ሕግ

መጠጡ በሕግ የተከለከለ ነው የሚል ወሬ በእንግሊዝ አገር ሥር ሰድዷል። በ2001 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በሃሮጌት ከተማ አዝዘውት ሕግ አይፈቅድም ተብለው መመለሳቸውም በጋዜጦች ተወርቷል። እንዲህ ያለ ሕግ ግን የለም። የመስፈሪያ ደንቡ ቢራና ሳይደር በፓይንትና በክፍልፋዮቹ እንዲሸጡ ሲያዝዝ፣ ከሁለት መጠጦች የተቀላቀለውን ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጎታል፤ ባለ መጠጥ ቤቱ ካልሸጠ የራሱ ፈቃድ ነው። የሚያሰክርበት ኃይልም ከስሙ ያነሰ ነው፤ ከመቶ 4 አልኮል ያለው ላገር ከመቶ 5 ካለው ሳይደር ጋር እኩል ሲቀላቀል 4.5 ይሆናል እንጂ ከሁለቱ የበለጠ ሦስተኛ ኃይል አይወለድም። ጉዳቱ የሚመጣው ጣፋጭ ቀዝቃዛ ነገር በፍጥነት ስለሚጨለጥ ነው፤ ይህንንም በአዲስ አበባ መጠጥ ቤቶች ቢራን ከወይን ጠጅና ከለስላሳ ቀላቅሎ ቱርቦ እያለ የሚጠጣ ወጣት በማግሥቱ ራስ ምታቱ ያስረዳዋል።

ነጋዴዎችም የወጣቱን ምላስ አጥንተዋል። በ2013 አንድ ታላቅ የሳይደር ፋብሪካ የጥቋቁር ፍሬዎች ጣዕም ያለበት ሳይደር በጣሳ አውጥቶ እጅግ ተሸጠለት፤ የመጠጥ ቤቱ ቅልቅል ግማሹ ወደ ፋብሪካ ገባ ማለት ነው። የእንግሊዝ ሕግ አንድ መጠጥ ሳይደር ለመባል ከመቶ 35 እጅ ጭማቂ ይበቃዋል ስለሚል፣ የቀረው ውኃና ስኳር ቢሆን የሚከለክል የለም። ፊተኛው ብርጭቆዬ ባዶ የሆነብኝ ምሥጢር በዚህ ይገለጣል፤ ፖሙ በውኃ የሳሳ፣ ላገሩም ምሬቱ የለዘበ ሲሆን፣ ሽሮፑ የሁለቱን ባዶ ቤት እንዲሞላ ይጠራል።

አብሮ መፍላት

በማግሥቱ ወዳጄ በቤቱ ሦስተኛውን ዓይነት አቀረበልኝ። ይህ በብርጭቆ የተቀላቀለ ሳይሆን ከመጀመሪያው በአንድ ዕቃ አብሮ የፈላ ነው፤ የቤት ጠማቂዎች ግራፍ ይሉታል፤ ስሙን የወሰዱት አሜሪካዊው ደራሲ ስቴቨን ኪንግ «ዳርክ ታወር» በተባሉት ልብ ወለዶቹ ከፈጠረው መጠጥ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ብቅል በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ ጣፋጭ ውኃው ይወጣል፤ ከጥቂት ሆፕስ ጋር ይፈላል፤ ሲበርድ ከአራት እጥፍ የፖም ጭማቂ ጋር ተቀላቅሎ እርሾ ይጨመርበታል።

«ሻይ ቅጠሉን ልብ ብለዋል?» አለኝ፣ በመስታወቱ ገንቦ አጠገብ ወዳለው ቆርቆሮ እየጠቆመ። «ከሱቅ የሚገዛው ጭማቂ ከገበታ ፖም የተጨመቀ ስለሆነ ታኒን የለውም፤ ጠንካራ ሻይ ጥቂት ሳደርግበት አፍ መያዝ ይጀምራል። የጨንቻን ፖም ባገኝም እንደዚሁ ነበር የማደርገው።»

አብሮ መፍላቱ ምን እንደሚጨምር በምላስ ይታወቃል። የፖም ስኳሮች ሁሉ ለእርሾ የተመቹ ስለሆኑ፣ ብቻውን የፈላ ሳይደር እርሾው አሟጦት ደረቅና ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ የብቅል ውኃ ግን እርሾ የማይበላቸው ደክስትሪን የሚባሉ ከባድ ስኳሮች ስላሉት ለመጠጡ ሥጋ ይሰጠዋል። ፖሙ በበኩሉ ማሊክ አሲዱን ያበረክትና የብቅሉን ድብርት ያነቃዋል። ወዳጄ ብላክከረንቱን በሽሮፕ ፈንታ በፍሬነቱ፣ ዋናው ፍላት ጋብ ካለ በኋላ ስለ ጨመረው፣ የፍሬው ስኳር ወደ አልኮል ተለውጦ አሲዱ፣ ቀለሙና ቅጠላማ መዓዛው ብቻ ቀርተዋል። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ባነሣው፣ ቀለሙ ከመጠጥ ቤቱ ይልቅ የቀላ፣ የጋርኔት ዕንቍ የሚመስል ነበር፤ የብላክከረንት ቀለም አሲድ ሲበዛበት ይቀላልና። ስቀምሰው ላገሩ የት ነው፣ ሳይደሩ የት ነው ብሎ መፈለግ አላስፈለገኝም፤ የዳቦው ለዛና የፖሙ ኮምጣጣነት ከአንድ ምንጭ እንደ ፈለቁ ሆነው፣ ፍሬው በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆኖ ነበር።

ይሁን እንጂ አብሮ የፈላው ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አልደመድምም። በመጠጥ ቤቱ ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ ጣዕሞቹ ተራ ጠብቀው እየተከታተሉ መምጣታቸው የራሱ ደስታ ነበረው፤ በግራፉ ይህ ሰልፍ የለም። አንዱ በውይይት፣ ሌላው በስምምነት ያስደስታል። ሁለቱንም የሚያጠፋቸው አንድ ነገር ነው፤ ፍሬው ጣዕም እንዲጨምር መጠራቱ ቀርቶ ጉድለት እንዲሸፍን ሲታዘዝ፣ ቅልቅሉ በብርጭቆም ይፈጸም በገንቦ፣ ውጤቱ ያው ከረሜላ ነው።

ስለዚህ ይህን መጠጥ ለመሞከር የሚሻ አንባቢ ሥርዓቱን ከእኔ ይቀበል። አስቀድሞ ሳይደሩን ብቻውን ይቅመስ፤ ቀጥሎ ላገሩን ብቻውን ይቅመስ፤ ሁለቱም ብቻቸውን የሚጠጡ ሆነው ካገኛቸው እኩል ይቀላቅላቸው፣ ከሽሮፑም የሻይ ማንኪያ ያህል ይጨምር። ከሁለቱ አንዱን ብቻውን ሊጠጣው ካልወደደ ግን ሽሮፑን ከድኖ ያስቀምጥና ውኃ ይጠጣ።